ጁባ ዓረብኛ፦ ማን ይቀድማል? ምን ይጎላል?

በደቡብ ሱዳን መዲና በጁባ ዲንቃውም፣ ባሪውም፣ ዛንዴውም ገበያ ላይ የሚግባቡበት ቋንቋ ጁባ ዓረብኛ ነው። መነሻው በ19ኛው መቶ ዘመን የግብፅና የኦቶማን ገዢዎች በደቡብ ሱዳን ያቋቋሟቸው የጦርና የንግድ ሰፈሮች ናቸው። እዚያ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ወታደሮችና ምርኮኞች ዓረብኛን በጆሯቸው ለቃቅመው የጋራ አደረጉት። ዛሬ አፋቸውን በዚሁ ቋንቋ የፈቱ የከተማ ልጆች አሉ።

ግሱ በአድራጊው ማንነት አይለወጥም። «አና ቢ ሩዋ» እሄዳለሁ ነው፤ «ኢታ ቢ ሩዋ» ትሄዳለህ፤ «ኡሞን ቢ ሩዋ» ደግሞ ይሄዳሉ። ይህን ሰምተው «የተሰባበረ ዓረብኛ» የሚሉት አሉ። ፍርዱ ትክክል አይደለም። ቋንቋው በእርባታ የማይሠራውን በቦታ፣ በድምፅና በትናንሽ ቃላት ይሠራዋል፤ ይህም በተለይ የሚወራበትን ርእስና የሚጎላውን ትኩረት ሲለይ ይታያል።

«ዞል ዴ፣ አና አሪፉ ኡዎ» የሚለውን እንውሰድ፦ «ሰውዬው፣ እኔ አውቃለሁ እሱን» እንደማለት ነው። ርእሱ ፊት ይወጣል። «ዴ» ሰውዬው ለሁለቱም ተነጋጋሪዎች የታወቀ መሆኑን ትጠቁማለች። ከዚያ ድምፅ ትንሽ ያርፋል፤ ሰውዬው የለቀቀውን ቦታ «ኡዎ» ይይዝለታል። እኛ «ሰውዬውንስ አውቀዋለሁ» ስንል «ስ» ብቻዋን የምትሸከመውን እዚህ ቦታና ዕረፍት ይካፈሉታል።

ትኩረት ሌላ መንገድ አለው። «ዴ ያው ቤት ታይ» ያለ ሰው ከብዙ ቤቶች መካከል አንዱን ለይቶ «ቤቴ ይኸኛው ነው» ማለቱ ነው። ይህች «ያው» ከሱዳን ዓረብኛው «ያሁ» የመጣች ናት፤ ከእኛዋ «ያው» ጋር ዝምድና የላትም። በጥያቄ ጊዜ ደግሞ የሚጎላው ቃል ከቦታው አይነቃነቅም፦ «ኢታ ዳይር ሱኑ?» (ምን ትፈልጋለህ?) ለሚለው መልሱ «አና ዳይር ሻይ» ነው፤ ሻዩ «ሱኑ» በነበረበት ይገባል።

እጅግ የሚያስደንቀው ግን የድምፁ ሥራ ነው። «ካሱሩ» ሲባል ጉልበቱ መጀመሪያው ላይ ካረፈ «ሰበረ» ይሆናል፤ መጨረሻው ላይ ካረፈ «ተሰበረ»። ስለዚህ «ባብ ዴ ካሱሩ» ብሎ መጨረሻውን ያጎላ ሰው ሰባሪውን ሳያነሳ በሩን ርእስ አድርጎታል። ጽሑፍ ይህን አያሳይም፤ ጆሮ ያስፈልጋል። የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ስቴፋኖ ማንፍሬዲና ማውሮ ቶስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት የቋንቋውን ርእስና ትኩረት ሲመረምሩ የቃላቱን አሰካክና ዜማውን አብረው ያዩት ለዚህ ነው።

ጁባ ዓረብኛ እህት አለው። በደቡብ ሱዳን የግብፅ መንግሥት ሹም የነበረው የኤሚን ፓሻ ወታደሮች ቅሪት እ.ኤ.አ. በ1891 በእንግሊዛዊው የጦር መኮንን በሉጋርድ ተመልምለው ወደ ዩጋንዳ ዘልቀዋል። ዘሮቻቸው በዩጋንዳ ቦምቦና በናይሮቢ ኪቤራ ኑቢ የተባለውን ቋንቋ ይናገራሉ፤ እዚያም የትኩረት ቃሏ «ያ» ናት። ጁባ ከካርቱም ዓረብኛ ጎን ሲቆይ ኑቢ ከስዋሂሊ ጎን አድጓል። ተመራማሪዎች ሁለቱን የሚያስተያዩት ከመለያየታቸው በፊት በጦር ሰፈሩ ምን ይነገር እንደነበር ለመገመት ነው።