የኮረምን ረኃብ ለዓለም ያሳየው ካሜራ

አንባቢ ሆይ፤ በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ፣ ማታ ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት ገብተህ ቴሌቪዥን ስትመለከት፣ ወሬ የሚያነበውን ሰው ፊቱን ታውቀዋለህ። ፊልሙን ያነሣውን ግን አታውቀውም። እስቲ ዛሬ ከእነዚህ ሰዎች ስለ አንዱ፣ ስለ ሞሐመድ አሚን ላጫውትህ።

አሚን በ1935 ዓ.ም. ናይሮቢ ተወለደ። በልጅነቱ በአንዲት ተራ ካሜራ ጀምሮ፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው በዳሬሰላም «ካሜራፒክስ» የተባለ ድርጅት አቋቋመ። የዛንዚባርን አብዮት አነሣ፤ እዚያው ዛንዚባርም ታሰረ።

እኛ ግን የምናስበው በኮረም ነው። በ1977 ዓ.ም. መግቢያ መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረኃብ ያልቅ ነበር። ለውጭ ጋዜጠኛ የመንገድ ፈቃድ ማግኘት ጭንቅ ነው። አሚን ደጅ ጠንቶ አገኘና ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ሄደ። ጥቅምት 13 ቀን በለንደን የታየው ፊልም ሰባት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ በብርድ የተኮራመተ ሕዝብ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሬሳ፤ ካሜራው አይቸኩልም፣ ከፊት ወደ ፊት ቀስ ብሎ ያልፋል። ቦብ ጌልዶፍ የተባለው የአየርላንድ ዘፋኝ ይህን አይቶ ጓደኞቹን አስተባበረ፤ በሐምሌም «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት በለንደንና በፊላደልፊያ ተደረገ። (ረኃቡን እኛ ቀድመን እናውቅ ነበር፤ ዓለም ያመነው ግን ፊልም ሲያይ ነው። በ1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በታየ ጊዜም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ነገሩ ያስቆጫል።)

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አሚን ሊያነሣ ሮጠ። ግራ እጁን አጣ፤ ድምፅ ይቀርጽለት የነበረው ባልደረባው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። ስለ አሚን እጅ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ማታይ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። አሚን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተሳፈረ። ሦስት ሰዎች አውሮፕላኑን ጠለፉት፤ ነዳጁ አልቆም በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። አሚን ከሟቾቹ አንዱ ነበር፤ ዕድሜው 53 ነው። ካሜራፒክስን ልጁ ሳሊም ተረከበ።