የዲክ ግሪጎሪ ሣቅና ጾም

አሜሪካዊው ቀልደኛ ዲክ ግሪጎሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ሥጋ መብላት የተወበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ የሆነው «አትግደል» የሚለው ቃል ሰውን ብቻ ሳይሆን ነፍስ ያለውን ፍጥረት ሁሉ የሚመለከት ነው ብሎ ማመኑን ይናገር ነበር። ይህ አባባሉ ከማእድ ቤት የማያልፍ የአንድ ሰው የግል ሥርዓት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሰውየውን ሕይወት ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ለተመለከተው፣ ስለ ጥቁሮች መብት ወኅኒ የወረደበትም፣ የቬትናምን ጦርነት የተቃወመበትም፣ በመጨረሻም ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረበትም ምክንያት ከዚያው ከአንዱ ትእዛዝ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የግሪጎሪን የፖለቲካ ዝንባሌ በዴሞክራቶችና በሪፐብሊካኖች መካከል ሲፈልጉ የሚደክሙ ሰዎች መንገድ ስተዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ግሪጎሪ በ1932 በሚዙሪ ስቴት በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አገሩን በተጫነበት ጊዜ ተወለደ። አባቱ ቤተ ሰቡን ጥሎ በመሄዱ፣ እናቱ በነጮች ቤት እየሠራች ልጆቿን በብርቱ ችግር አሳደገች። በሩጫ የታወቀ ስለነበረ በደቡብ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘ፤ ትምህርቱን ሳይፈጽም ለውትድርና ተጠራ፤ በጦር ሠራዊቱም ውስጥ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ማሣቅን ለመደ። ከዚያ ሲመለስ ቺካጎ ገብቶ፣ ቀን በፖስታ ቤት ደብዳቤ እየለየ፣ ማታ ጥቁሮች በሚያዘወትሯቸው ትናንሽ የምሽት ክበቦች እየቀለደ ይኖር ጀመር።

በዚያን ዘመን ጥቁር ዘፋኝ ወይም ጥቁር ተወዛዋዥ በነጮች ፊት መቅረቡ የተለመደ ቢሆንም፣ አንድ ጥቁር ሰው በነጮች ክበብ ውስጥ ተረጋግቶ ቆሞ፣ ስለ አገሩ ሕግና ስለ መሪዎቹ ሥራ የራሱን ፍርድ እንዲናገር ግን የሚፈቅድ አልነበረም። ይህ ግድግዳ በጉልህ የተደረመሰው በጃንዋሪ 13 ቀን 1961 ነው። በዚያ ማታ በቺካጎ የሚገኘው የፕሌይቦይ ክበብ፣ ኧርዊን ኮሪ የተባለው ቀልደኛ ሊቀርብ ባለመቻሉ ግሪጎሪን በምትኩ ጠራው፤ ሲደርስ ግን አዳራሹን የሞሉት ከደቡብ ስቴቶች ለጉባኤ የመጡ፣ በበረዶ የተጠበቀ ምግብ የሚነግዱ ነጮች ሆነው ተገኙ። የክበቡ ሰዎች ሰግተው፣ ቢቀር እንደማይቀየሙት ቢነግሩትም፣ እርሱ እሠራለሁ ብሎ ወደ መድረኩ ወጣ፤ መጀመሪያ ሊያሸማቅቁት የሞከሩት ሰዎች ቀስ በቀስ በሣቁ ተማረኩ፤ የአንድ ማታውም ሥራ ወደ ሳምንታት ተራዘመ።

የቀልዱ ብልሃት ሊብራራ የሚገባው ነው፤ የፖለቲካው መሠረት በዚያ ውስጥ አለና። ግሪጎሪ ነጩን ተመልካች አይሰድብም፣ አይለማመጥም፤ ሲጋራውን ይዞ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ በጋዜጣ የወጣውን ወሬ እንደ ጎረቤት ጨዋታ ያወራል፤ ሰሚው ከሣቀ በኋላ ግን የሣቀበት ነገር የራሱ አገር ሕግ መሆኑን ይረዳል። ለጥቁሮች በማይፈቀድ ምግብ ቤት ዘጠኝ ወር ሙሉ ተቀምጦ ሲቃወም ቆይቶ፣ በስተመጨረሻ ሲፈቀድለት የሚፈልገው ምግብ በዝርዝሩ ላይ አለመኖሩን ያጫወተበት ቀልድ ከሁሉ ይልቅ የታወቀለት ነው። ነገሩን አስተውሎ ለመረመረው፣ በዚህ አጭር ጨዋታ ውስጥ የክልከላው ከንቱነት ብቻ ሳይሆን፣ የተከለከለውም ነገር ያን ያህል የሚያስቀና አለመሆኑ ተገልጿል፤ ተበዳዩም የሚለምን ሳይሆን የሚመርጥ ሰው ሆኖ ይታያል።

ይህንኑ ክብር በራሱ ላይም ይጠብቀው ነበር። በዚያው በ1961 የጃክ ፓር የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲጋብዘው፣ ጥቁር አርቲስቶች ሥራቸውን አቅርበው ከመሄድ በቀር ከአዘጋጁ አጠገብ በሶፋው ላይ ተቀምጠው እንደማይጫወቱ ያውቅ ስለነበረ አልቀርብም አለ፤ ፓር ራሱ ደውሎ መቀመጫው እንደሚሰጠው ከነገረው በኋላ ነው የሄደው። ለጀማሪ ቀልደኛ ያ ዝግጅት ትልቅ የእንጀራ በር እንደነበረ ለሚያስብ ሰው፣ እምቢታው ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል ይችል እንደነበረ ግልጽ ነው።

ገንዘቡና ዝናው ከመጡ በኋላ ያደረገው ነገር ግን እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቀኛል። የሚሲሲፒው የመብት ታጋይ ሜድጋር ኤቨርስ በ1962 ወደ ደቡብ እንዲመጣ ጋበዘው፤ ግሪጎሪም ሄደ። በዚያን ጊዜ በሚሲሲፒ የሌፍሎር ካውንቲ ባለሥልጣኖች፣ ጥቁሮች ለምርጫ መመዝገብ በመጀመራቸው ተቆጥተው፣ ከ20,000 የሚበልጥ ድኻ ሕዝብ የሚተዳደርበትን የፌዴራል መንግሥት የምግብ ዕደላ አቋርጠው ነበር። ግሪጎሪ በፌብሩዋሪ 1963 አውሮፕላን ተከራይቶ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ምግብ አደረሰላቸው፤ ከዚያም በግሪንውድ ከተማ ከተመዝጋቢዎቹ ጋር ተሰልፎ ከፖሊሶች ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በበርሚንግሃም፣ አላባማ፣ ከሕፃናት ሰልፈኞች ጋር ታስሮ በወኅኒ ቤት ተደበደበ። በሚሲሲፒ ዋና ከተማ በጃክሰን ለትግል በቆየበት ጊዜም ሕፃን ልጁ ሞተ፤ ብዙ ሳይቆይ በጁን 12 ኤቨርስ በደጃፉ ላይ በጥይት ተገደለ። በ1965 በሎስ አንጀለስ የዋትስ ሠፈር ሁከት በተነሣ ጊዜ፣ በመካከል ገብቶ ሕዝቡን ሲያረጋጋ እርሱም እግሩን በጥይት ተመታ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በቀልን አለመስበኩ፣ በዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ትምህርት ያለ ዐመፅ መታገልን ከልቡ መቀበሉን ያስረዳል።

ከጥቁሮች ጉዳይ ውጭም ቢሆን ኅሊናው ድንበር አያውቅም ነበር። በ1966 በዋሺንግተን ስቴት የአሜሪካ ጥንተ ነዋሪዎች የሆኑት የኒስኳሊ ሰዎች ከመንግሥት ጋር በገቡት ውል መሠረት ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን ሲጠይቁ፣ ከእነርሱ ጋር መረብ ጥሎ ተያዘ፤ ስለዚህም ክስ በ1968 በኦሊምፒያ በታሰረ ጊዜ በእስር ቤቱ ውስጥ ጾመ።

ስለ ጾሙ ጥቂት ማለት ይገባል። ግሪጎሪ በ1967 ስለ ቬትናም ጦርነት ከምስጋና በዓል ጀምሮ ለመጾም ተስሎ ምግብ ተወ፤ ይህም ጾም አሜሪካ ለግብዣ በምትቀመጥበት ቀን መጀመሩ በአጋጣሚ አልነበረም። በኤፕሪል 24 ቀን 1971 ደግሞ ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ጠጣር ምግብ እንደማይቀምስ አስታውቆ፣ ከሁለት ዓመት በላይ በፈሳሽ ብቻ ኖረ፤ ቀድሞ ወፍራም የነበረው ሰውነቱም እንደ መናኝ ሰው ከሳ። የአገሩ ሰዎች ብዙዎቹ ይህን እንደ እብደት ወይም እንደ ማስታወቂያ ቆጠሩት። ከዓመቱ ቀኖች እኩሌታውን ያህል በጾም የሚያሳልፍ ምእመን ያለባት የኢትዮጵያ አንባቢ ግን፣ ሥጋን በመግታት ነፍስን ለጸሎትና ለምስክርነት ማዘጋጀት ምን ማለት እንደሆነ ማስረጃ ሳያስፈልገው የሚያውቀው ስለሆነ፣ ግሪጎሪን ከአገሩ ጋዜጠኞች ይልቅ በቅርብ ሊረዳው ይችላል ብዬ አምናለሁ። በ1980 በቴህራን ታግተው የነበሩት አሜሪካውያን እንዲፈቱ ወደ ኢራን ተጉዞ የጾመውና የጸለየውም በዚሁ መንፈስ ነው።

የምርጫው ነገር ከዚህ ተለይቶ አይታይም። በ1967 የቺካጎን ከንቲባ ሪቻርድ ዴይሊን ተወዳደረ፤ በ1968 ደግሞ ሪፐብሊካኑን ኒክሰንንም ዴሞክራቱን ሀምፍሪንም በመቃወም ለፕሬዚዳንትነት ቀረበ። በአንዳንድ ስቴቶች ስሙ በድምፅ መስጫው ላይ ታትሞ፣ በሌሎች ደግሞ መራጩ በእጁ እየጻፈው፣ ወደ 47,000 የሚጠጋ ድምፅ አገኘ። ለምርጫው ቅስቀሳ የራሱን ምስል በአንድ ዶላር ወረቀት መልክ አሳትሞ ሲያድል፣ ወረቀቱ ከእውነተኛው ገንዘብ ጋር እጅግ በመመሳሰሉ የፌዴራል መንግሥት ሰዎች ወረሱት። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ዴሞክራቶች በቺካጎ ጉባኤያቸውን ባደረጉ ጊዜ፣ ፖሊስ በየአደባባዩ የሚያሳድዳቸውን ሰልፈኞች ወደ ቤቴ ኑ ብሎ በእንግድነት ጋብዞ፣ እየመራቸው ወደ ደቡቡ የከተማው ክፍል ሲሄድ በጦር ኃይል ታግቶ ተያዘ። እንግዳን ወደ ቤት መጋበዝን ሕገ ወጥ ሰልፍ ያሰኘ መንግሥት ከማንኛውም ቀልድ ይልቅ ራሱን አጋለጠ።

በኋለኛው ዘመኑ ግሪጎሪ የተነቀፈበት ነገርም አለ፤ ነቀፋውን ሸፍኖ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ስለ ፕሬዚዳንት ኬኔዲና ስለ ዶክተር ኪንግ ግድያ መንግሥት የሰጠውን መግለጫ አልቀበልም ብሎ ለብዙ ዓመታት ተከራከረ፤ በ1975 የኬኔዲ ግድያ የተቀረጸበት ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ለሕዝብ ሲታይ ካቀረቡት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበረ። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የበቀለ አልነበረም፤ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኃላፊ ኤድጋር ሁቨር በ1968 ለቺካጎ ቅርንጫፍ በላኩት ጽሑፍ፣ ግሪጎሪ ወንበዴ ማኅበሮችን በንግግሩ ማውገዙን ለማፊያው በማሳወቅ እንዲጠመድበት ሐሳብ አቅርበው እንደነበረ በኋላ ሰነዱ በይፋ ወጥቷል። የአገሩ መንግሥት ወንበዴ ሊያስነሣበት ያሰበ ሰው፣ መንግሥት የሚነግረውን ሁሉ ቢጠራጠር አያስፈርድበትም። ሆኖም ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ጥርጣሬው ማስረጃን ጥሎ ሮጠ፤ የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥፋት ሳይቀር የስውር ደባ ሥራ ነው እስከ ማለት ደረሰ። በዚህ ላይ ተሳስቷል፤ ርትዕን የሚፈልግ ሰው ለክሱ ማስረጃ ማቅረብ አለበትና፣ ይህ ጉድለት በወጣትነቱ በደሙ የገዛውን ተአማኒነት በብዙዎች ዘንድ ቀንሶበታል።

በ1970ዎቹ ዓመታት መጠጥ በሚሸጥባቸውና ትንባሆ በሚጨስባቸው ክበቦች አልሠራም ብሎ ከዋናው ገቢው ተለየ፤ ስለ ረኃብም በ1976 ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒው ዮርክ ሮጠ። ወደ መድረክ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሶ፣ በእርጅናው ወራት ጭምር እየቀለደ፣ በኦገስት 19 ቀን 2017 በ84 ዓመቱ በዋሺንግተን ከተማ ዐረፈ። እርሱን በራሱ አንደበት ለማወቅ የሚሻ አንባቢ፣ በ1961 ያስቀረጸውን ሸክላ ያድምጥ፤ በ1964 ከጋዜጠኛው ከሮበርት ሊፕሳይት ጋር ሆኖ የጻፈውን የሕይወት ታሪኩንም ፈልጎ ያንብብ።