‹‹ይበል!›› ባይ ያጣ ሥራ

ሰው ለምን ይሠራል ተብሎ ቢጠየቅ ብዙው ሰው ‹‹ለእንጀራ ነዋ!›› ብሎ ይመልሳል። ልክ ነው። ይሁን እንጂ ደመወዙ ሳይቀነስበት፣ ጤናውም ሳይጓደል ሥራው ከዓመት ዓመት እየከበደው የሚሄድ ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ታዲያ ይኸ ሰው የጐደለው ምንድን ነው? እኛ እጩ መምህራን በቅርቡ ወደየገጠሩ ተመድበን የምንሄድ ስለሆነ፣ የሠራተኛን ድካም አይቶ ማመስገን ለሥራ ያለውን ዋጋ ከወዲሁ ብናስብበት አይከፋም።

ከአገራችን እንነሣ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ያድርና የቆጠረውን ለየኔታ ያሰማል፤ የኔታም ያርማሉ። በማኅሌት ላይ ደግሞ ቅኔው ያማረ እንደሆነ ሰሚው ሁሉ ‹‹ይበል!›› ይላል። ይኸ ‹‹ይበል›› ዓመት ተጠብቆ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። ቃሉ ገና ከአፍ እንደወጣ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሰምና ወርቁን ለይቶ በሰማ ሰው የሚባል ነው። ሳይገባው ‹‹ይበል›› የሚልማ ሞልቷል፤ ባለ ቅኔው ግን ማን ገብቶት እንዳለ፣ ማን ሰው ብሎ ሲል እንዳለ ከፊቱ ያውቀዋል።

ወደ እርሻውም ብንሄድ ነገሩ ያው ነው። በጅጋና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ጤፍ ሲደርስ ደቦ ይጠራል። በወንፈል ጊዜ ጉልበት በጉልበት በተራ ይመለሳል፤ በደቦ ግን ባለቤቱ ጠላውንና ምግቡን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። አጫጆቹ ተሰልፈው፣ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ ሲያጭዱ ብርቱው በዘፈኑ ይነሣል፤ ሰነፉም ቢሆን እንዳይነካ ብሎ ክንዱን ያፈጥናል። ጠላው ብቻውን ይህን አያደርግም። ኧረ ገበሬው በሬዎቹን እንኳ በስማቸው እየጠራ፣ አይዟችሁ እያለ ነው የሚያርስ!

የውጭ አገር ምሁራንም በጉዳዩ ላይ ጥናት አድርገዋል። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በፒትስበርግ አካባቢ ወደ 200 የሚጠጉ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ጠይቆ፣ ውጤቱን በ1959 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ። ሠራተኞቹ በሥራቸው የተደሰቱበትን ጊዜ ሲያስታውሱ ጎላ ብለው የታዩት ሥራን ከፍጻሜ ማድረስና ለሥራ ዕውቅና ማግኘት ነበሩ። የተከፉበትን ሲናገሩ ደግሞ የድርጅቱን አሠራርና የአለቃን አያያዝ አነሡ። እንግዲህ ደመወዝ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚተረጉም አለቃ ካለ ተሳስቷል። ምስጋና የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ምስጋናውም ቢሆን ለሠራው ሰው ካልደረሰ ያው ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ሲካሄድ የኖረ ነው። ለዚሁም ሥራ ኢትዮጵያ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት አግኝታለች። ሽልማቱ የአገር ነው፤ መልካም። ነገር ግን ዛፍ ሥር ጥቁር ሰሌዳ አቁሞ ያስተማረውን ልጅ በስሙ የሚያውቀው፣ በጣት አሻራ ፋንታ ስሙን መጻፍ የቻለው ገበሬ ነው። የዚያ ልጅ ‹‹ይበል›› ባይ እሱ ነበር።

ይህን ያስታወሰን ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ያየነው ነው። በወላጆች በዓል ዕለት ለመምህራኑ በሙሉ የምስጋና ወረቀት ታደለ። ቃሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው ስሙ ብቻ። የአንደኛ ክፍሏ መምህርት ወረቀታቸውን ተቀብለው፣ አራት አጥፈው የጠመኔ ሳጥን ውስጥ ከተቱት። እኛ መጀመሪያ ነገሩን እንደ ንቀት ቆጠርነው።

በማግሥቱ ክፍላቸው ገብተን ስንከታተል ከካርቶን የተቆረጡ የፊደል ካርዶች አየን። ‹ለ› እና ‹ሐ› ጎን ለጎን ሆነው፣ ሦስተኛዋ እግር ብቻ በቀይ ቀለም ተቀብታለች። ለካስ ልጆቹ ሁለቱን ፊደላት የማያምታቱት በዚህች ቀይ እግር ነው! ትምህርቱ ሲያበቃ ‹‹ይኸን ዘዴ እርስዎ ነዎት ያወጡት?›› ብለን ጠየቅናቸው። መምህርቷ ዝም ብለው አዩን። ቀጥሎ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ሌሎቹንም ያወጡ ጀመር፤ የሚቀጥለው ደወል እስኪደወል አላቆሙም። ‹‹አሥራ አንድ ዓመት ስሠራው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም›› አሉን።

በሳምንቱ አንድ ሙሉ ስብስብ ሠርተው ሰጡን። አሁን በመርጃ መሣሪያዎች ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ ላይ የሠሪዋን ስም ጽፈንበታል። ለልምምድ የሚፈልግ ፈርሞ መውሰድ ይችላል፤ ቀዩ ቀለም ግን ስለሚለቅ በእርጥብ እጅ ባይያዝ።