መዛኙ ሲመዘን፦ የሰው ሀብት አስተዳደር የሙያ ማረጋገጫ ምን ይለካል?

ከዲላ ከተማ ተነስቶ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚያመራ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ወናጎን ያገኛል። ጉዞው በቡና ለቀማ ወራት ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ እሸት ቡና የተሸከሙ ሰዎች ወደ መፈልፈያ ጣቢያዎች ሲተሙ፣ ሴቶችም በረጃጅም የማድረቂያ አልጋዎች ግራና ቀኝ ቆመው የታጠበውን ቡና ሲለቅሙ ይመለከታል። የዕለቱ እሸት ሳያድር መፈልፈል ስላለበት የማሽኑ ድምፅ እስከ ሌሊት ሊሰማ ይችላል። ይህ ሁሉ ሥራ ሰው ይፈልጋል። ሰውም መመረጥ፣ መቀጠር፣ በሚችለው ቦታ መመደብ፣ የሠራበት ሰዓት መመዝገብ፣ ክፍያው በትክክል መሰላት፣ ቅሬታውም መሰማት አለበት። የሰው ሀብት አስተዳደር የምንለው ሙያ ይኸው ነው።

ቡናው በጣቢያው በር ላይ ሲመዘን ሚዛኑ ትክክል መሆን አለመሆኑን ገበሬው ዐይኑን ሳይነቅል ይከታተላል። ሰውን የሚመዝነው ባለሙያስ? እርሱ ራሱ በምን ተመዝኗል? ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፋችን የሰው ሀብት አስተዳደር የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ምን እንደሆነ፣ ከበስተጀርባው ያለውን ሳይንስና አንድ የአገራችን ተማሪ ወደዚያ ሊደርስበት የሚችለውን መንገድ እንቃኛለን።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ነበር። ይህ ሕዝብ የሰፈረው በ1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ላይ በመሆኑ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር ማለት ነው። መሬት እንዲህ በጠበበበት አካባቢ የአንድ የቅጥር ማስታወቂያ ውጤት የአንድ ወጣት ብቻ ሳይሆን የመላ ቤተሰቡ ጉዳይ ይሆናል። መዛኙ ቢሳሳት ወይም ቢያዳላ፣ ሚዛኑ የጎደለበት ሰው ሌላ የሚሄድበት ቦታ ላይኖረው ይችላል።

ቡናው እንዴት ተመዘነ?

ለማነጻጸር ያህል፣ አካባቢው አሳምሮ ከሚያውቀው ሙያ እንጀምር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ከጀመረ በኋላ ቡና የሚረከብባቸው መጋዘኖች ካሏቸው ከተሞች አንዷ ዲላ ነበረች። የወናጎ የታጠበ ቡናም በገበያው የምደባ ሠንጠረዥ ውስጥ በስሙ ተለይቶ ተቀምጦ ነበር። በዚያ አሠራር ከጭነቱ የተወሰደው ናሙና በምስጢር ቁጥር ይለይ ስለነበር፣ ቀማሹ የቡናውን ባለቤት አያውቅም። ከመቶው ነጥብ 40ው ለጥሬው ቡና መልክ፣ ሽታና እንከን፣ 60ው ደግሞ ለስኒው ጣዕም እንደሚሰጥ አስቀድሞ ተወስኗል። ከአንድ ናሙናም ከአንድ በላይ ስኒ ይቀመሳል፤ አንዷ ስኒ ብትሳሳት ሌሎቹ ያርሟታልና።

እዚህ ላይ ሦስት መርሆዎችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ የባለቤቱ ማንነት ከሚዛኑ ይርቃል። ሁለተኛ፣ መስፈርቱና የየመስፈርቱ ክብደት ከምዘናው በፊት ይጻፋል። ሦስተኛ፣ ልኬቱ ይደጋገማል። ቀማሹ ራሱም አይዘለልም። ኪው ግሬደር በመባል በሚታወቀው ዓለም አቀፍ የቡና ቀማሾች ማረጋገጫ፣ ለዓመታት በቆየው አሠራር፣ ፈተናውን ያለፈ ሰው በየሦስት ዓመቱ ምላሱ ከሌሎች ቀማሾች ጋር መጣጣሙን እንደገና ማስመስከር ነበረበት። ምላስም እንደ ሚዛን ይዛባል፤ ስለዚህ ይስተካከላል።

ሰውን የመመዘን ሳይንስ

ሰውን መመዘን ቡናን ከመቅመስ እጅግ የከበደ ቢሆንም መርሆዎቹ ብዙ አይራራቁም። ተመራማሪዎች አንድ የመምረጫ ዘዴ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማወቅ፣ አመልካቹ በምርጫው ጊዜ ያገኘውን ነጥብ ከተቀጠረ በኋላ ካሳየው የሥራ ውጤት ጋር ያስተያያሉ። የሁለቱን ግንኙነት የሚገልጸው ቁጥር በስታቲስቲክስ ትምህርት የምናውቀው የተዛምዶ መጠን ነው። ዜሮ ከሆነ ዘዴው ስለወደፊቱ ሥራ ምንም አይነግረንም፤ ወደ አንድ በተጠጋ ቁጥር ትንበያው ይጠነክራል።

ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶችን ደግመው በማስላት እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ሥራ፣ ለሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦ በተመሳሳይ መስፈርት ነጥብ የሚሰጥበት ወጥ ቃለ መጠይቅ 0.42 አግኝቷል። የሥራ ዕውቀት ፈተና 0.40 ነበር። ጠያቂው ያሻውን እየጠየቀ በመጨረሻ «ደስ ብሎኛል» ወይም «አልጣመኝም» የሚልበት ልቅ ቃለ መጠይቅ ግን 0.19 ብቻ ነው። ተዛምዶውን በራሱ ስናባዛው ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል፤ ወጥ የሆነው በሠራተኞች መካከል ከሚታየው የውጤት ልዩነት 18 በመቶ ያህሉን ሲያብራራ ልቅ የሆነው 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሁለቱም ሰዓትና ወረቀት ይፈጃሉ፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከጠያቂው ዝግጅት ነው።

ይህን ዕውቀት ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያውቁታልን? ሣራ ራይንስና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ 959 የሰው ሀብት ባለሙያዎችን በጥናት የተረጋገጡ ጉዳዮችን በሚመለከት ጠይቀው ነበር። በባለሙያዎቹ እምነትና በጥናቶቹ ውጤት መካከል ሰፊ ክፍተት ታየ፤ በተለይም ክፍተቱ የጎላው በሠራተኛ መረጣ ላይ ነበር። ከጥናቶቹ ጋር በተሻለ ሁኔታ ከተስማሙት መካከል የከፍተኛ ባለሙያ ማረጋገጫ ያላቸውና የምርምር ጽሑፎችን የሚያነቡ ይገኙበታል። ከዚህ ተነስተን ማረጋገጫው ሰውን አዋቂ አደረገው ብለን ልንደመድም አንችልም፤ ቀድሞውንም የሚያነቡት ሰዎች ይሆናሉ ለፈተናው የሚቀርቡት። ሆኖም ማረጋገጫውና ዕውቀቱ አብረው መገኘታቸው ትኩረት የሚስብ ነው።

ማረጋገጫው ከየት መጣ?

የሙያው ማኅበራት ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጥራል። በእንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1913 በፋብሪካዎች የሠራተኛውን ደኅንነት የሚከታተሉ ሰዎች ማኅበር መሠረቱ። ይኸው ማኅበር ስሙን ደጋግሞ ከለወጠ በኋላ፣ ዛሬ ሲ.አይ.ፒ.ዲ. በመባል የሚታወቀው የንጉሣዊ ቻርተር ባለቤት ተቋም ለመሆን በቅቷል። በአሜሪካ ደግሞ ኤች.አር.ሲ.አይ. የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በሰው ሀብት ሙያ የማረጋገጫ ፈተና ይሰጣል። ኤስ.ኤች.አር.ኤም. የተባለው የባለሙያዎች ማኅበርም ከ2015 ወዲህ የራሱን ፈተና ጀምሯል። ይህ ፈተና ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን፣ አንድ የሥራ ቦታ ችግር ቀርቦ «አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» የሚሉ ጥያቄዎችንም ያካትታል።

ማረጋገጫ ከዲግሪ የሚለይባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ልምድ ነው። ለምሳሌ በኤች.አር.ሲ.አይ. ፒ.ኤች.አር. ለተባለው ፈተና ለመቀመጥ፣ ማስተርስ ያለው አንድ ዓመት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሁለት ዓመት፣ ዲግሪ የሌለው ደግሞ አራት ዓመት በሙያው መሥራት ይጠበቅበታል። ልምድ ለሌላቸው ጀማሪዎች ኤ.ፒ.ኤች.አር. የተባለ ዝቅተኛ ደረጃ ተዘጋጅቷል። ሁለተኛው ልዩነት እድሳት ነው። ዲግሪ አንዴ ከተሰጠ አያረጅም፤ ፒ.ኤች.አር. ግን በሦስት ዓመት ውስጥ 60 ነጥብ የሚሆን ተጨማሪ ትምህርት ወይም ሙያዊ ሥራ ካላሟሉ፣ ወይም እንደገና ካልተፈተኑ ይቋረጣል። የቡና ቀማሹን ምላስ እንደ ማስተካከል ነው።

ለምን ይታደሳል? አንድ የስሌት ምሳሌ

የእድሳቱን ጥቅም በምሳሌ እንየው። በአንድ የመፈልፈያ ጣቢያ የምትሠራ ሠራተኛ መደበኛ የሰዓት ክፍያዋ፣ ለስሌት ያህል፣ 40 ብር ነው እንበል። በአንድ ቀን ከመደበኛ ሰዓቷ በላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ሠራች። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377 መሠረት፣ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.25፣ ከዚያ በኋላ ያለው በ1.5 ይባዛ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ሰዓታት 100 ብር፣ ሦስተኛው 60 ብር፣ በድምሩ 160 ብር ይሆናሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ግን ማባዣዎቹን ወደ 1.5 እና 1.75 ከፍ አደረጋቸው። አሁን ሁለቱ ሰዓታት 120 ብር፣ ሦስተኛው 70 ብር፣ በድምሩ 190 ብር ነው።

በቀድሞው አዋጅ ተምሮ ዕውቀቱን ያላደሰ ባለሙያ ሠራተኛዋን በአንድ ምሽት 30 ብር ያጎድልባታል። ሠራተኞቹ 20 ከሆኑ 600 ብር፣ እንዲህ ያሉ ምሽቶች 30 ከሆኑ ደግሞ 18,000 ብር ይሆናል። ሌባ የለም፤ ክፉ ሐሳብም የለም፤ ያረጀ ዕውቀት ብቻ ነው ያለው። በዚሁ የአዋጅ ለውጥ የሙከራ ጊዜው ከ45 ተከታታይ ቀናት ወደ 60 የሥራ ቀናት፣ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ዕረፍት ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀናት ማደጉንም እግረ መንገዳችንን እናስታውስ።

ምሳሌው ሌላም ነገር ያስተምረናል። ፒ.ኤች.አር. የተመሠረተው በአሜሪካ የሥራ ሕግ ላይ በመሆኑ፣ ለወናጎ የደመወዝ መዝገብ የሚረዳው በከፊል ነው። ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ባለሙያዎች የተዘጋጀው ፒ.ኤች.አር.አይ. ያንን ሕግ ይተዋል እንጂ የእኛን አዋጅ አይተካበትም። ስለዚህ ዓለም አቀፉን ማረጋገጫ የያዘ ሰው የአገሩን አዋጅ ካላነበበ ሚዛኑ ግማሽ ነው።

በአገራችን ያለው መንገድ

በኢትዮጵያ ለቴክኒክና ሙያ ዘርፍ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ መሠረት የሙያ ብቃት ምዘና ተዘርግቷል። በተለምዶ ሲ.ኦ.ሲ. የምንለው ነው። ሙያዎቹ በደረጃ የተከፈሉ ሲሆን፣ ተመዛኙ በጽሑፍም በተግባርም ይፈተናል። ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። የምዘናው ትልቅ ቁም ነገር ኮሌጅ ለገባ ብቻ ሳይሆን ሙያውን በሥራ ላይ ለለመደ ሰውም ክፍት መሆኑ ነው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በየትምህርት መስካቸው የመውጫ ፈተና ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠበቅባቸዋል።

እንግዲህ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ወይም በዩኒቨርሲቲ ያለ ወጣት ከየት ይጀምር? የእኛ ምክር የሚከተለው ነው። አስቀድሞ ስታቲስቲክስን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለሕይወት ይማር፤ የሰው ምዘና መሠረቱ እርሱ ነውና። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 1156ን ከዳር እስከ ዳር ያንብብ፤ ከላይ እንዳደረግነው እያንዳንዱን ቁጥር በምሳሌ ያስላ። ሦስተኛ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ድርጅት ውስጥ በተለማማጅነት ገብቶ መዝገብ መያዝን፣ የሥራ መዘርዝር መጻፍን፣ ወጥ ቃለ መጠይቅ ማዘጋጀትን በእጁ ይልመድ። ዓለም አቀፉ ማረጋገጫ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ፣ በምን ሥራ ላይ እንደሚያውለው ሳያውቅ ገንዘቡን ባያወጣ ይመረጣል። ያለ ፈተና፣ በጥቂት ቀናት ሥልጠና ብቻ «ዓለም አቀፍ» የሚል ወረቀት ከሚያድሉም ይጠንቀቅ። ወረቀቱን ከመግዛቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቅ፦ ፈታኙ ከአሠልጣኙ የተለየ ነውን? መስፈርቱ አስቀድሞ በይፋ ተጽፏልን? ማረጋገጫው ጊዜው ያልፋልን?

ለሦስቱም «አዎን» የሚል መልስ ካገኘ፣ የወናጎን ቡና ለመዘኑት መርሆዎች የቀረበ ሚዛን አግኝቷል። ያን ማረጋገጫ ይዞ አንድ ቀን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሲቀመጥና አመልካቾች በር ላይ ሲሰለፉ፣ የመጀመሪያው ተግባሩ ጥያቄዎቹን ጽፎ መጨረስ፣ ለየጥያቄው የሚሰጠውን ነጥብ መወሰን፣ ለብቻው ነጥብ የሚሰጥ ሌላ መዛኝም አጠገቡ ማስቀመጥ ይሁን። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን አመልካች ይጥራ።