በረዶ የወረደበት ማሳና የአገር ሽማግሌዎች ትዝታ

ድርቅ በጠና ጊዜ በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶው እህል በረንዳ፣ የእህል ዋጋ መናሩ የታወቀ ነው። በረዶ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከዚህ ዋጋ ላይ አይነበብም። በረዶ እንደ ድርቅ አገር አያዳርስም፤ ጠባብ መስመር ይዞ ይወርዳል። በአንዱ ጎጥ ያሸተ ገብስ ረግፎ ከጭቃ ሲደባለቅ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ማሳ ሳይነካ ይታጨዳል። ከዚህም የተነሣ የዝናብ መለኪያው በቂ ዝናብ መዝግቦ፣ የወረዳውም አማካይ ምርት መልካም ተብሎ ሳለ፣ የአንድ ጎጥ ጎተራ ባዶ ሊሆን ይችላል።

በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. የድሬዳዋ ከተማን የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን በመፍጀቱ በመዝገብ ሰፍሯል። ሰው ያልገደለ በረዶ ግን የሚኖረው በአብዛኛው በሽማግሌዎች ትዝታ ነው። በአማራ ገጠር በበዓል ቀን ማረስ በረዶ ያመጣል የሚል የቆየ እምነት አለ። ስለዚህ የበረዶው ወሬ ብዙውን ጊዜ ከተሻረው በዓል ጋር ተያይዞ ይነገራል። ይህ አነጋገር የበረዶውን ምክንያት አያስረዳም፤ በረዶ የሚፈጠረው ሞቃትና እርጥብ አየር በኃይል ወደ ላይ ወጥቶ ጠብታው ሲረጋ ነው። ቀኑን ግን አጥብቆ ይይዛል፤ ለጉዳት አጣሪ ሠራተኛ የሚጠቅመውም ይኸው ነው።

ስለሆነም ሠራተኛው ዝናብ መጣሉን ብቻ ሳይሆን፣ በረዶው በየትኛው በዓል ሰሞን፣ ከየትኛው ማሳ እስከ የትኛው እንደ ወረደ መጠየቅ ይገባዋል። ጉዳቱ በመስከረም መግቢያ ከታወቀ፣ ጥቁር አፈር ባለበት ሥፍራ በቀረው እርጥበት ሽምብራ መዝራት ይቻላል። ወሬው የደረሰው አፈሩ ከደረቀ በኋላ ከሆነ ግን የሚቀረው የእህል ዕርዳታ ብቻ ነው።