«ዊንዶውስ 7 ይበቃል» የምትለው መስመር ስታረጅ

ሰሜን ወሎ ውስጥ ሐራ ከተማ ነዎት እንበል። ለሱቅዎ ወይም ለትምህርት ቤቱ የሚሆን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። ጽሑፍ መጻፊያና ሒሳብ መሥሪያ ስለፈለጉ በነፃ የሚገኘውን ሊብሬኦፊስ ሊጭኑ አሰቡ። ያገኙት የአማርኛ መመሪያ «ዊንዶውስ 7 ወይም ከዚያ በላይ ይበቃል» ይላል። የእርስዎም ዊንዶውስ 7 ነው። ወልድያ የሚማር ልጅ ከ300 ሜጋባይት በላይ የሆነውን ፋይል በራሱ ዳታ አውርዶ በፍላሽ ላከልዎ። ፍላሹን ሰክተው ቢከፍቱት መጫኛው ገና ከጅምሩ እምቢ አለ።

ላፕቶፑ አልተበላሸም፤ ልጁም አላጠፋም። መመሪያው ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት ያረጀችው። ይህችን መስመር ማደስ ደግሞ የፕሮግራም ጸሐፊ መሆን አይጠይቅም፤ እርስዎም ይችላሉ።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያሠራው ዋና ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስና ኡቡንቱ እንዲህ ያሉ ናቸው። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ደግሞ ውስጡ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል ፕሮግራም ነው። ሊብሬኦፊስና ፋየርፎክስ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ተቋሙ ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 እንኳ ኦፕን ሶርስ ነው።

«ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ለምን እምቢ ይላል?» ይሉ ይሆናል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አቆመ። የሊብሬኦፊስ ሰዎች ከዚያ በኋላም ከአምስት ዓመት በላይ አብረውት ቆይተዋል። ግን አንድ አሮጌ ሲስተም በተጨመረ ቁጥር ለብቻው የሚሞክረው ሰው ይፈልጋል፤ አዳዲሶቹ የፕሮግራም መሥሪያዎችም አሮጌውን አያውቁትም። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ሊብሬኦፊስ 25.8 ዊንዶውስ 7ን እና 8ን ተወ። ለእነዚህ የሚሆነው የመጨረሻው 25.2 ነው።

እነዚህ ቁጥሮች እኛን አገር ሰው ያደናግራሉ። 25.8 ማለት በፈረንጆቹ 2025 ዓመት፣ ስምንተኛው ወር ማለት ነው። ኡቡንቱ 24.04ም እንዲሁ 2024 አራተኛው ወር ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በአማርኛ መመሪያ ሲጽፉ የእኛን ወርና ዓመት ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ አንባቢው ፕሮግራሙ ስንት ዓመት እንደሆነው ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ እርማቱ። መጀመሪያ የራስዎን ሲስተም ይወቁ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ፊደል ጋር አብረው ይጫኑ፤ በምትወጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ «ዊንቨር» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። የሲስተሙ ስምና ቁጥር ይወጣል። ከዚያ ፕሮግራሙ አዲስ ሲወጣ አብሮት የሚለቀቀውን የለውጥ መግለጫ ያንብቡ። የተተወ ሲስተም ካለ እዚያ ይጻፋል።

ቀጥሎ መስመሯን ይጻፉ። «ዊንዶውስ 7 ወይም ከዚያ በላይ» የምትለውን በዚህ ይተኩ፦ «ሊብሬኦፊስ 25.8 ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ይፈልጋል። ዊንዶውስ 7 ወይም 8 ያለው ሰው 25.2ን ያውርድ።» ከሥሩም መስፈርቱን ያረጋገጡበትን ቀን ያስፍሩ።

ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር አደራ አይተዉ። ብዙ አራሚዎች አሮጌውን ስም ሰርዘው አዲሱን ብቻ ይጽፋሉ። ይህን አልወደውም። መርሳ ከተማ ላይ ዊንዶውስ 7 ይዞ የተቀመጠ መምህር በስረዛው አዲስ ላፕቶፕ አያገኝም፤ የቀረችውንም መንገድ ያጣታል። እርግጥ 25.2 ከእንግዲህ አይጠገንም፤ ዊንዶውስ 7ም እንዲሁ። ስለዚህ ለደብዳቤና ለፈተና ወረቀት ይጠቀምበት፤ ለባንክ ሥራና ለኢንተርኔት ግን አይሁን ብሎ መጻፍ ይገባል።

«ኡቡንቱ ቢጭንስ?» ያዋጣል፤ ግን መስፈርቱ በቁጥር ይጻፍ። ኡቡንቱ 24.04 ባለ 64 ቢት ማሽን ይፈልጋል፤ ማለትም አንጎሉ ባለ 32 ቢት የሆነ በጣም አሮጌ ኮምፒውተር አይቀበለውም። 4 ጊጋባይት ራም፣ ማለትም የሥራ ማህደረ ትውስታ፣ እና 25 ጊጋባይት የዲስክ ቦታም ይጠይቃል። የሚወርደው ፋይል ራሱ ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። ይህን ሳይነግሩ «ኡቡንቱ ጫን» ብሎ መምከር የሰው ፓኬጅ ማቃጠል ነው።

እርማቱን የት ይልካሉ? ብዙ መመሪያዎች ጊትሃብ በሚባል የጋራ ማኅደር ላይ ይቀመጣሉ። ስምዎን በነፃ ያስመዘግባሉ፤ ገጹን ከፍተው የእርሳስ ምልክቷን ይነካሉ፤ መስመሯን ያስተካክላሉ፤ ለምን እንደቀየሩም በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይልካሉ። ይህ ፑል ሪኩዌስት ይባላል፤ «ይህን እርማት ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ ነው። የሥራው ባለቤቶች አይተው ይቀበላሉ ወይም ጥያቄ ይመልሳሉ። አንዳንዱ በማግሥቱ ይመልሳል፤ አንዳንዱ ሳምንታት ያቆያል፤ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎች ናቸውና አይከፉ።

ወጪው? ገንዘብ የለበትም። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ዳታውም ጥቂት ነው፤ ከስልክም ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ይሆናል። ያቺ መስመር ሳትታረም ስትቀር የሚከፈለውን ግን ሰሜን ወሎ ያለ ሰው ያውቀዋል፦ 300 ሜጋባይት፣ የሚኒባስ ሒሳብ፣ መብራት ሲመጣ ጠብቆ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ አንድ ፋይል በፍላሽ ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር። በዚያ ሁኔታ የተሳሳተ ፋይል ተሸክሞ መምጣት የአንድ ቀን ድካም ነው።

አንዴ ካረሙም አይተዉት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ እንደ ሊብሬኦፊስ ያሉ ፕሮግራሞች ግን ገና አልተዉትም። ስለዚህ አሁን መስመሩን አይሰርዙት፤ አዲስ ቅጂ በወጣ ቁጥር ግን የለውጥ መግለጫውን ይዩ። «ኡቡንቱ 22.04» የሚል መመሪያ ካለዎት የአምስት ዓመቱ ነፃ ድጋፍ የሚያልቀው በ2019 ዓ.ም. ነውና ቀን መቁጠሪያዎ ላይ ከወዲሁ ምልክት ያድርጉበት።