ድርቅ፣ ፍሬና ምንቃር፦ አካባቢ በዱር ወፎች መካከል ልዩነትን የሚፈጥርበት መንገድ

ተፈጥሯዊ ምርጫ እጅግ አዝጋሚ ስለሆነ በአንድ ሰው ዕድሜ ሊስተዋል አይችልም የሚለው አስተሳሰብ ከቻርልስ ዳርዊን ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቷል። ይህን አስተሳሰብ ካናወጡት ጥናቶች አንዱ ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጋላፓጎስ፣ ዳፍኔ ሜጀር በተባለች ትንሽ የእሳተ ገሞራ ደሴት ላይ ለ40 ዓመታት ያህል ያካሄዱት ነው። ተመራማሪዎቹ ወፎቹን እየያዙ በእግራቸው ላይ ቀለበት አደረጉ፤ ምንቃራቸውን ለኩ፤ የትኛው ከየትኛው እንደተወለደም መዘገቡ።

በ1977 ዝናብ በመጥፋቱ ደሴቲቱ በከባድ ድርቅ ተመታች። መካከለኛው የምድር ፊንች የሚመገባቸው ትንንሽና ለስላሳ ዘሮች ቀድመው አለቁ። የተረፈው በአብዛኛው ትሪቡለስ የተባለው ተክል ጠንካራና እሾሃማ ፍሬ ነበር። ይህን ፍሬ መስበር የሚችሉት ወፍራም ምንቃር ያላቸው ወፎች በመሆናቸው፣ ከዝርያው 85 በመቶ ያህሉ ሲጠፋ በሕይወት የተረፉት በብዛት እነርሱ ሆኑ። ይሁንና የተመረጡት መትረፋቸው ብቻውን ዝግመተ ለውጥ አይባልም፤ የተመረጠው ባሕርይ ለልጆች መተላለፍ አለበት። የምንቃር ውፍረት በከፍተኛ ደረጃ በዘር የሚወረስ በመሆኑ፣ በ1978 የተፈለፈሉት ጫጩቶች ምንቃር ከድርቁ በፊት ከነበረው ትውልድ አማካይ የወፈረ ሆኖ ተገኘ።

በ1983 ደግሞ ኤል ኒኞ ያስከተለው ከፍተኛ ዝናብ የደሴቲቱን ዕፅዋት ለወጠ፤ ትንንሽ ዘር የሚያፈሩ ተክሎች ተስፋፉ። ቀጥሎ በመጣው ደረቅ ወቅት የተሻለ የመትረፍ ዕድል ያገኙት ትንሽ ምንቃር ያላቸው ወፎች ነበሩ። ከዚህ የሚነሳው ጥያቄ መሠረታዊ ነው፦ ምርጫ አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ ሌላ ጊዜ ወደዚያ የሚያጋድል ከሆነ፣ ዘላቂ ልዩነት ከወዴት ይመጣል?

የመልሱ አንዱ ክፍል የተገኘው በ2004 አካባቢ ነው። በአካሉ የሚገዝፈው ትልቁ የምድር ፊንች በ1980ዎቹ መጀመሪያ በደሴቲቱ ላይ መራባት ጀምሮ ነበር። ድርቅ በድጋሚ ሲከሰት የትሪቡለስን ፍሬ አሟጦ የበላው ይህ ዝርያ ሆነ። በዚህ ምክንያት ከመካከለኛው ፊንች መካከል ትልቅ ምንቃር ያላቸው በረሀብ አለቁ፤ የዝርያው አማካይ ምንቃርም አነሰ። በ1977 ምንቃርን ያወፈረው ድርቅ፣ ተፎካካሪ በተገኘበት ጊዜ ተቃራኒ ውጤት አስከተለ ማለት ነው። በ2016 የታተመ የዘረ መል ጥናት ኤችኤምጂኤ2 የተባለው ዘረ መል ከዚህ ለውጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ አካባቢ ሲባል ዝናብና ዕፅዋት ብቻ ሳይሆን አብረው የሚኖሩ ዝርያዎችም ጭምር ናቸው።

ሁለተኛው ክፍል የመራባት መለያየት ነው። ወንዱ ጫጩት ዜማን የሚማረው ከአባቱ ነው፤ ሴቷም የትዳር ጓደኛዋን በዜማውና በመልኩ ትለያለች። በ1981 ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ከኤስፓኞላ ደሴት የመጣ አንድ ወንድ ወፍ ከነባሮቹ ጋር ተዳቀለ። ዘሮቹ ለየት ያለ ዜማና ትልቅ ምንቃር ስለነበራቸው፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላ እርስ በርሳቸው ብቻ መጋባት ጀመሩ። ምግብ ለምንቃሩ ቦታ ሰጠው፤ ዜማው ደግሞ አጥር ሆነለት።

የዳፍኔ ሜጀር ተሞክሮ ለዘዴም ለጥበቃም ትርጉም አለው። በ1977 ጥናቱን ጀምሮ በ1978 የሚያጠናቅቅ ተመራማሪ ድርቅ ምንቃርን ያወፍራል ብሎ ይደመድም ነበር፤ መረጃው ትክክል ቢሆንም ድምዳሜው የተሳሳተ ይሆን ነበር። የአየር ንብረት ለውጥ የዱር ወፎችን ወዴት እንደሚወስድ ለመተንበይ የሚሻ ሁሉ፣ ከሙቀትና ከዝናብ መጠን ባሻገር ምን ምግብ እንደቀረ፣ ማን እንደሚሻማበትና ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ መመርመር ይኖርበታል።